ፖከር ስንጀምር ማን በነገረን! ከሐዋሳ የቅዳሜ ጠረጴዛ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር፣ አንድ በረንዳ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዎች ካርታ ይዘን እንቀመጣለን። መምህር፣ የባጃጅ ባለቤት፣ ነርስ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚነግድ ሰውና ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ሰባተኛው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ የሒሳብ ሠራተኝነት ነው። የምንጫወተው በገንዘብ ሳይሆን በቆርኪ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እነዚያው ጥያቄዎች ስለሚነሱና መልሱን ደጋግሜ ማውራት ስለሰለቸኝ ጻፍኳቸው። መልሶቹ የእኔ ናቸው፤ ነርሷ በግማሾቹ አትስማማም።

ፖከርን ከኮንከር ምን ይለየዋል?

በኮንከር ካርታ እየሳባችሁ፣ የማይጠቅማችሁን እየጣላችሁ እጃችሁን ታሟላላችሁ። በፖከር ግን የተሰጣችሁን ይዛችሁ መወሰን ብቻ ነው። እኛ የምንጫወተው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ከዚያ መሀል ላይ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ፣ በጠቅላላው አምስት ካርታ ለሁሉም በግልጽ ይዘረጋል። ከሰባቱ ካርታ ምርጥ አምስት ያለው ያሸንፋል። በየመካከሉ ሰው ቆርኪ ያስይዛል፣ ይጨምራል፣ ይከተላል ወይም ካርታውን ጥሎ ይወጣል። የቴክሳስ ምክር ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ሮብስታውን የምትባለውን ትንሽ ከተማ የዚህ ጨዋታ የትውልድ ቦታ አድርጎ ዕውቅና ሰጥቷታል።

አንድ ነገር ግን ከኮንከር ፈጽሞ ይለያል። ሌሎቹ በሙሉ ከወጡ ማንም ካርታችሁን ሳያይ ታሸንፋላችሁ። ጨዋታው የካርታ ብቻ ሳይሆን የውሳኔም ጨዋታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍላሽ ነው ስትሬት የሚበልጠው?

ፍላሽ። አምስት ካርታ በአንድ ምልክት ማለት ነው፤ ስትሬት ደግሞ አምስት ተከታታይ ቁጥር ነው። ክርክር በተነሳ ቁጥር ቆጠራውን እነግራቸዋለሁ። ከ52 ካርታ 2,598,960 የተለያዩ ባለ አምስት ካርታ እጆች ይወጣሉ። ከነዚህ ስትሬት የሚሆኑት 10,200፣ ፍላሽ የሚሆኑት 5,108 ናቸው። ብርቅ የሆነው ይበልጣል፤ የደረጃው ሕግ በሙሉ ይኸው ነው።

አዲስ ተጫዋች ቀድሞ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር ምንድን ነው?

መተው።

እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ የማየው ይህንን ነው። ሁለት ካርታ ይሰጠዋል፣ ያያቸዋል፣ ይገባል። እንደገና ይሰጠዋል፣ ይገባል። ቅዳሜውን ሙሉ ከቤቱ ድረስ የመጣው ሊጫወት ስለሆነ ካርታ መጣል ያለመጫወት ይመስለዋል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነበርኩ። የገባሁበት እጅ ሁሉ «ምናልባት» ነበረው። ሰባትና ሁለት ይዤ «ምናልባት ሁለት ሰባት ይወጣል»፣ ንጉሥና አራት ይዤ «ንጉሥ እኮ ነው» እል ነበር።

ቁጥሩን እንየው። ሁለቱ ካርታዎች በ1,326 መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ጥንድ የሚሆኑት ከ17 እጅ አንዱ ብቻ ናቸው። ሁለት አስ የሚመጣው ከ221 እጅ አንድ ጊዜ ነው። እኛ በሰዓት 25 እጅ ያህል እንጫወታለን፤ አምስት ሰዓት ስንቀመጥ 125 ይሆናል። ስለዚህ ሁለት አስ በአማካይ በሁለት ቅዳሜ አንዴ ብትታይ ነው። ጥንድ ያልሆነ እጅ ይዛችሁ ከገባችሁ ደግሞ መሀል በሚዘረጉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ጥንድ የምታገኙት ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። ሁለቱን ጊዜ ምንም አታገኙም። በየእጁ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ቀን ባዶ እጁን ቆርኪ ሲከፍል ይውላል ማለት ነው።

አሞራ ገደል የሄደ ሁሉ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች አይቷቸዋል። አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲያጸዱ አጠገባቸው አንገታቸውን ቀብረው፣ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌዎች መስለው ይቆማሉ። የሚንቀሳቀሱ አይመስሉም። አንጀት ሲወረወር ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ያ ደንዛዛ የመሰለው ነው። ዓሣ ነጋዴው ባልደረባችን ከሁላችንም የተሻለ የሚጫወተው ከእነሱ ጋር ስለሚውል ነው ብዬ አስባለሁ። ከአምስት እጅ አራቱን ይጥላል፤ አንዷን ሲይዝ ግን ያስከፍለናል። የሚገርመው በፖከር ዓለም ደካማ ተጫዋች «ዓሣ» ተብሎ መጠራቱ ነው። ይህን ስንነግረው ቅር አለው።

ሁለቱ ካርታዎቼ አንድ ዓይነት ምልክት ከሆኑስ?

ይህ የጀማሪ ፍቅር ነው። ሁለት ልብ የያዘ ሰው ዓይኑ ይበራል። ሁለት አንድ ዓይነት ምልክት ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ብትቆዩ ፍላሽ የምታገኙት ከ100 ጊዜ ወደ 6 ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ወዲያው የምታገኙት ደግሞ ከ119 ጊዜ አንዴ። በጠቅላላው የአንድ ምልክት መሆን የማሸነፍ ዕድልን የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ነው። ጥሩ እጅን ትንሽ ያሻሽላል እንጂ መጥፎውን ጥሩ አያደርገውም።

የመቀመጫ ተራ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ እንዲያውም ብዙዎች ዘግይተው የሚረዱት ይህንን ነው። ተራው የሚዞረው ከአዳዩ በግራ በኩል ስለሆነ፣ መሀሉ ከተዘረጋ በኋላ አዳዩ ሁልጊዜ መጨረሻ ይናገራል። የሌሎቹን ሁሉ ሰምቶ ይወስናል። መጀመሪያ የሚናገረው ደግሞ ምንም ሳያውቅ ነው። የገበያ ሰው ይህንን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፦ ዋጋ ቀድሞ የሚጠራ ይጎዳል።

በተግባር ይህ ማለት ያው እጅ፣ ለምሳሌ ጃክና አሥር፣ አዳይ ስትሆኑ የሚጫወቱበት፣ መጀመሪያ ስትናገሩ ግን የሚጣል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ቀላል ነው። ከእኔ በኋላ የሚናገር ሰው በበዛ ቁጥር የምገባበት እጅ ያንሳል።

ሒሳብ አልወድም። ያለ ሒሳብ መጫወት አይቻልም?

መጫወት ይቻላል፤ ማሸነፍ ይከብዳል። ግን የሚያስፈልገው ከሁለተኛ ክፍል ያለፈ ሒሳብ አይደለም። መምህራችን ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ከዚህ ይከብዳል።

የመጀመሪያው ቆጠራ «ስንት ካርታ ያድነኛል?» የሚል ነው። እጃችሁ ላይ ሁለት ልብ፣ መሀል ላይ ሁለት ልብ ካለ፣ ከ13ቱ ልቦች 4ቱን አይታችኋል፤ 9 ይቀራሉ። ቁጥሩን አንድ ካርታ ሲቀር በ2፣ ሁለት ካርታ ሲቀር በ4 አብዙት። 9 በ4 ሲባዛ 36 በመቶ ይሆናል፤ ትክክለኛው 35 ነው። 9 በ2 ሲባዛ 18 ይሆናል፤ ትክክለኛው ከ19 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ለበረንዳ ጨዋታ ይበቃል።

ሁለተኛው ቆጠራ «የምከፍለው ከማገኘው ጋር ይመጣጠናል?» የሚል ነው። መሀል ላይ 40 ቆርኪ አለ እንበል፤ ጎረቤታችሁ 20 አስያዘ። ለመቀጠል 20 ትከፍላላችሁ። እናንተ ስትከፍሉ መሀሉ 80 ይሆናል፤ ከ80 የእናንተ ድርሻ 20 ነው፣ ማለትም 25 በመቶ። እንግዲያው የማሸነፍ ዕድላችሁ ከ25 በመቶ ካነሰ ክፍያው አያዋጣም። አንድ ካርታ ብቻ የቀረውና ከዘጠኙ ልቦች አንዱን የሚጠብቅ ሰው 20 በመቶ እንኳ አልሞላም፤ መተው አለበት። ጎረቤቱ 20 ሳይሆን 8 ቢያስይዝ ኖሮ 8 ከ56 ይሆን ነበር፤ 14 በመቶ ነውና ደስ ብሎት ይከፍላል። ካርታው ያው ነው። መልሱን የቀየረው ዋጋው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እኔን ብዙ ቆርኪ ያስከፈለኝ ስህተት አለ። ሁለት ካርታ ሲቀር በ4 ማብዛት የሚሠራው ሁለቱንም በአንድ ክፍያ የምታዩ ከሆነ ነው፤ ለምሳሌ አንዳችሁ ያለውን ሁሉ አስይዞ ከሆነ። አለበለዚያ አራተኛው ካርታ ከወጣ በኋላ እንደገና ትከፍላላችሁ። 35 በመቶ አለኝ ብዬ እየገባሁ፣ መንገድ ላይ ሁለተኛ ቲኬት ሲጠየቅ እንደሚደነግጥ ተሳፋሪ ስሆን ቆየሁ። ደግሞም ልባችሁ ከወጣ በኋላ ሰውየው ሌላ ቆርኪ እንደሚጨምርላችሁ እርግጠኛ ከሆናችሁ ትንሽ ውድ ዋጋም መክፈል ያዋጣል። ይህ ግን ሰውየውን ማወቅ ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ ባጃጅ ባለቤቱ ሁልጊዜ ይጨምራል፣ ነርሷ በፍጹም።

ብላፍ መቼ ላድርግ?

ከምታስቡት ባነሰ ጊዜ። ሳይኖር ያለ መምሰል ፊልም ላይ ያምራል፤ ጠረጴዛ ላይ ግን የሚሠራው ሊተው በሚችል ሰው ላይ ብቻ ነው። ምንም የማይጥል ጀማሪን ማስፈራራት ዝናብን እንደ መቆጣት ነው።

ለእሱም ሒሳብ አለው። መሀሉ 40 ሆኖ ምንም ሳትይዙ 20 ብታስይዙ፣ ከሦስት ጊዜ አንዴ ሰውየው ከተወ አልከሰራችሁም። 40 ብታስይዙ ከሁለት አንዴ መሥራት አለበት። ትልቅ ድፍረት ትልቅ የመሳካት ዕድል ይፈልጋል፤ ጀማሪው ግን በትልቁ ባስፈራራ ቁጥር ያለ ጥርጥር የሚሳካለት ይመስለዋል።

ሌላው ነገር፣ ብላፍ ወሬ ነውና ከመጀመሪያው የተያያዘ መሆን አለበት። ሁለት ዙር ዝም ብሎ አልፎ በሦስተኛው ሦስት ልብ ሲዘረጋ በድንገት ጎራዴ የሚመዝ ሰው፣ የሚናገረው ታሪክ መሀሉ የጎደለ ነው። ያደረገው ሁሉ ፍላሽ የያዘ ሰው የሚያደርገው መሆን ነበረበት። ከተማሪዎቹ አንዷ በዚህ ሁላችንንም ትበልጣለች። አንድ ጊዜ፣ ምንም ሳትይዝ ይመስለኛል፣ ሦስት ንግሥት አስጥላኛለች፤ እስካሁን ምን ይዘሽ ነበር ብዬ ስለምናት ልንገረው ይሆን እያለች ትስቃለች።

የሰው ፊት ማንበብስ?

የተጋነነ ነው። የባጃጁ ባለቤት ዓይን ዓይናችንን እያየ ይውላል፤ እስካሁን ያተረፈው የዓይን ድካም ነው። ከፊት ይልቅ የሚናገረው ሰው የሚያስይዘው መጠንና የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሁልጊዜ 10 የሚያስይዝ ሰው ዛሬ 4 ካስያዘ፣ ለምን? ሁልጊዜ የሚያመነታው ወዲያው ከከፈለ፣ ለምን? ከስድስት ሰዎች የሁለቱን ልማድ እንኳ በቅጡ ብታጠኑ ከበቂ በላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ጥሩው ጊዜ ካርታችሁን ጥላችሁ የተቀመጣችሁበት ነው። ጀማሪ ካርታ በጣለ ቁጥር ስልኩን ያወጣል።

ሁለት አስ ይዤ ተሸነፍኩ። ዕድሌ ነው ወይስ ስህተት?

የሐዋሳ በረንዳችን ላይ ከሁሉም በላይ የሚሰማው እሮሮ ይኸው ነው። መልሱ ረዘም ይላል።

ሁለት አስ ከሁለት ንጉሥ ጋር ፊት ለፊት ቢገጥሙ አስ የሚያሸንፈው 82 በመቶ ያህል ነው። ማለትም ከአምስት ጊዜ ወደ አንዴ ንጉሥ ያሸንፋል። ያ አንዴ ሲደርስባችሁ ግፍ ይመስላል እንጂ ግፍ አይደለም። ሁለት አስ በዘፈቀደ ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር 85 በመቶ ያሸንፋል፤ ዘጠኝ ሰዎች ሁሉም እስከ መጨረሻ ከቆዩ ግን 31 በመቶ ገደማ ብቻ። እንግዲህ አስ ይዛችሁ በትንሽ ቆርኪ ሁሉንም ካስገባችሁ በኋላ መሸነፋችሁ የራሳችሁ ስህተት ነው፤ በትልቁ ጨምራችሁ ከአንድ ሰው ጋር ቀርታችሁ ከተሸነፋችሁ ግን ምንም አላጠፋችሁም። ሁለቱም ሽንፈት ናቸው፤ ደብተር ላይ ግን አንድ ቦታ መጻፍ የለባቸውም።

ተገላቢጦሹም እውነት ነው። ዶይል ብራንሰን የሚባለው ዕውቅ አሜሪካዊ ተጫዋች በ1976 እና በ1977 እ.ኤ.አ. የዓለም ፖከር ውድድርን ሲያሸንፍ፣ በሁለቱም ዓመት የመጨረሻዋን እጅ የያዘው በአሥርና በሁለት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ዓይነት ካርታና አንድ ጥንድ) ሆነለት። ዛሬም ይህ እጅ በስሙ ይጠራል። መምህራችን ይህን ታሪክ ከሰማ ወዲህ አሥርና ሁለት በመጣለት ቁጥር ይገባል። ብራንሰን ያሸነፈው በአሥርና ሁለት ምክንያት ሳይሆን አሥርና ሁለት ቢኖርም ነው ብዬ ነግሬዋለሁ፤ አልሰማኝም፤ ባለፈው ወር አንዴ ስለሠራለት አሁን ጨርሶ አይሰማኝም።

ታዲያ መልካም ውሳኔን ከመልካም ዕድል እንዴት እንለየዋለን? በብዛት። በጥር 2017 እ.ኤ.አ. የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊብራተስ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአራት ባለሙያ ተጫዋቾች ጋር አወዳደሩ። ፕሮግራሙ አሸነፈ። እኔን ያስገረመኝ ግን ማሸነፉ አይደለም። ያሸነፈው በዕድል አለመሆኑን ለማሳየት 20 ቀን የፈጀ 120,000 እጅ መጫወታቸው ነው። የእኛን ጠረጴዛ አሰብኩት፤ በሳምንት 125 እጅ ብንል 960 ቅዳሜ፣ ከ18 ዓመት በላይ ነው። ከሦስት ቅዳሜ በኋላ «እኔ እኮ ጎበዝ ነኝ» ወይም «እኔ ዕድል የለኝም» የሚል ሰው ምን ያህል እንደቸኮለ ከዚህ ገምቱ።

ስሸነፍ እናደዳለሁ። ምን ላድርግ?

ፈረንጆች ለዚህ የራሳቸው ቃል አላቸው፤ እኛ ግን ከእነሱ የተሻለ አለን፦ እልህ። «እልህ ምላጭ ያስውጣል» ያለው ሰው ፖከር አይቶ አያውቅም፤ ግን ጨዋታውን ከብዙ መጽሐፍ በተሻለ ገልጾታል።

ወደ በረንዳው ከመምጣቴ በፊት በገንዘብ የሚጫወቱበት አንድ ቤት እሄድ ነበር። አንድ ማታ ሁለት ንጉሥ ይዤ፣ ሦስትና አምስት ይዞ በገባ ሰው ተሸነፍኩ። ሰውየው በመጨረሻው ካርታ ስትሬት ሞላለት። በትክክል ነበር የተጫወትኩት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ግን አንድም ትክክለኛ ነገር አልሠራሁም። የምጫወተው ከካርታው ጋር ሳይሆን ከሰውየው ጋር ሆነ። እሱ ሲገባ እገባለሁ፣ ሲጨምር እጨምራለሁ። በንጉሦቹ የጠፋብኝ ብር ትንሽ ነበር፤ የደመወዜን ሩብ የበላው እልሁ ነው። ባለቤቴ ያወቀችው የቤት ኪራይ ሲዘገይ ነው። ስለዚያ ምሽት ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እሷም ይህን ታነባለች።

ከዚያ የተማርኩት፣ ሲናደዱ «ረጋ ብዬ እጫወታለሁ» ማለት እንደማይሠራ ነው። የተናደደ ሰው የረጋ ይመስለዋል። የሚሠራው መነሳት ብቻ ነው። አሁን የሚያስቆጣ እጅ ከተሸነፍኩ ሦስት ዙር ካርታ አልቀበልም፤ ተነስቼ ቡና እቀዳለሁ። ደንቡን ያወጣሁት ቀድሜ፣ ልቤ ሳይሞቅ ስለሆነ በሞቀ ሰዓት አልከራከረውም።

ታዲያ በገንዘብ ብጫወትስ?

ብዙ ሰው የሚያነሳው ስም አለ፤ ክሪስ መኒሜከር። ትርጉሙ «ገንዘብ ሠሪ» ነው፤ የእውነት የቤተሰብ ስሙ ነው። ከቴነሲ የመጣ፣ እንደ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት በ86 ዶላር የማጣሪያ ጨዋታ አልፎ የዓለም ፖከር ውድድር ዋናውን ሽልማት፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ፖከር ጀመረ። ተወዳዳሪዎቹ 839 ነበሩ። የቀሩትን 838 ሰዎች ስም የሚጠቅስልኝ ጀማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሌላም ስም አለ፤ ስቱ አንገር። ያንኑ ውድድር በ1980፣ በ1981 እና በ1997 እ.ኤ.አ. ሦስት ጊዜ አሸነፈ። በካርታ ችሎታው ከእሱ የሚስተካከል ጥቂት ነው ይባላል። ከመጨረሻው ድሉ በኋላ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በ45 ዓመቱ ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ርካሽ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ከሚሊዮኖቹ የቀረው እዚህ ግባ የማይባል ነበር። አደንዛዥ ዕፅና የስፖርት ውርርድ በልተውታል። ካርታ መጫወት መቻልና ገንዘብ መያዝ መቻል ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

ችሎታ ቢኖርም እንኳ አሉታዊው ሒሳብ ይቀራል። እርስ በርስ ስንጫወት ቆርኪው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ አይጨምርም፤ አንዱ ያገኘው ሌላው ያጣው ነው። የሚያጫውተው ቤት ድርሻ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ይቀንሳል። ሰባት ሰው አንድ አንድ ሺህ ብር ይዞ ተቀመጠ እንበል። ቤቱ ከየእጁ 10 ብር ቢወስድ፣ በሰዓት 25 እጅ፣ በአምስት ሰዓት 1,250 ብር ይሆናል። አንድ ሰው ከነሙሉ ገንዘቡ ከጠረጴዛው ተነስቶ ሄደ ማለት ነው፤ ሰባታችሁም ግን አሁንም ተቀምጣችኋል። ስለዚህ ከጎረቤታችሁ መሻል አይበቃም፤ ከቤቱም መሻል ያስፈልጋል። እኔ የሄድኩበት ቤት ድርሻው ስንት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ!

ባለሙያዎች አንድ ጨዋታ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ለዚያ ጨዋታ የሚያስፈልገውን መግቢያ ከ20 እስከ 30 ጊዜ የሚሸፍን፣ ከኑሮ የተለየ ገንዘብ ሊኖር ይገባል ይላሉ። መልካም ተጫዋችም ለረጅም ጊዜ ሊሸነፍ ስለሚችል ነው። ከደመወዝ ተቀንሶ የሚመጣ ብር እንዲህ አይደለም። በዚያ ላይ በአገራችን የዕድል ጨዋታ ማካሄድ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ በየጓዳው የሚካሄደው ያንን የያዘ አይደለም። ስለዚህ የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ቆርኪ።

ብዙ ጊዜ «ትንሽ ብር ብቻ» ብሎ የሚጀምር ሰው የጠፋበትን ለመመለስ የሚበደር ከሆነ፣ ወይም ያጠፋውን ከቤተሰቡ መደበቅ ከጀመረ፣ ጉዳዩ የፖከር ምክር የሚፈታው አይደለም። ለሚያምነው ሰው ይንገርና ከጠረጴዛው ይራቅ።

በቆርኪ ከሆነ ማን በቁም ነገር ይጫወታል?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስልክ ላይ በነጻ ነጥብ የሚጫወቱበትን ቦታ የሞከረ ያውቀዋል፤ ማንም አይተውም፣ ሁሉም ያለውን ሁሉ በየእጁ ያስይዛል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ነበርን። መፍትሔው የነርሷ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን በየቅዳሜው ጨዋታው ሲያበቃ ቆርኪ ተቆጥሮ ይመዘገባል፤ ያነሰው ሲኒ ያጥባል፣ ቀጥሎ ያለው በረንዳውን ይጠርጋል። ሲኒ ማጠብ ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። መምህሩ አምስት ቅዳሜ በተከታታይ ካጠበ በኋላ ንጉሥና አራት መጣል ጀመረ። አሥርና ሁለትን ግን እንቢ አለ።

እናቴ «ቁማርተኛ ሆንክ» ትላለች። ምን ልበላት?

አትከራከሯት። እናቶች ይህን ቃል የሚሉት ቤት የሸጠ ሰው አይተው ነው። የእኔን እናት ያሳመናት ንግግር አልነበረም፤ አንድ ቅዳሜ መጥታ ከቡናው አጠገብ ተቀምጣ ቆርኪውን አየች። «ለዚህ ነው የምትጮኹት?» ብላ ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ፌስታል ቆርኪ ላከች።

ስህተቴን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ደብተር። የተሸነፋችሁበትን እጅ ሳይሆን ግራ የገባችሁበትን እጅ ጻፉ፦ ምን ያዝኩ፣ የት ተቀምጬ ነበር፣ መሀሉ ስንት ነበር፣ ምን አሰብኩ። ከሳምንት በኋላ አንብቡት። እኔ የመጀመሪያዎቹን ገጾቼን ሳነብ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ቆጠርኩት፤ በአንድ ገጽ ላይ 11 ጊዜ አለ።

ቤት ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

ከሁለት እስከ ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ጥቅል ካርታና ቆርኪ። ሁለት ጥቅል ያልኩት አንዱ ሲታደል ሌላው ስለሚበወዝ ነው፤ በሰዓት ብዙ እጅ ያስገኛል። ከተቻለ የፕላስቲክ ካርታ ይሁን፤ የወረቀቱ በክረምት እርጥበት ያብጥና ጥጉ ይታጠፋል፣ የታጠፈች አስ ደግሞ ከጀርባዋ ትታወቃለች። እኛ ለእያንዳንዱ ሰው 200 የሚያወጣ ቆርኪ እንሰጣለን። አንድ የሚቆጠሩ 40 ቀይ፣ አምስት የሚቆጠሩ 12 አረንጓዴ፣ ሃያ አምስት የሚቆጠሩ 4 ቢጫ። ለሰባት ሰው 392 ቆርኪ ይሆናል። የግዴታ ማስያዣው 1 እና 2 ነው፤ ከአዳዩ በግራ ያሉት ሁለት ሰዎች ካርታ ሳይታደል ያስቀምጣሉ።

ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ካርታ ከለስላሳ እንጨት ላይ በጥፍር ማንሳት ያስቸግራል፤ የሐዋሳ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የመሀሉን አምስት ካርታ ሁለት ጊዜ በትኖብናል። አንደኛዋን ጊዜ እኔ ፉል ሃውስ ይዤ ነበር።